አራት ዓመት የቀረው ቃል

ያን ቀን ጠዋት የኩዬን ደሴት ሰው ሁሉ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወርዶ ነበር። የዶን ኤላዲዮ ኮሊቮሮ ቤት ባሕር ልትሻገር ነው።

ሽማግሌው ጉልበታቸው ከድቷቸዋል። ሐኪም ቤቱ ያለው ማዶ ዳልካዌ ነው። ተወልደው ያደጉባትን፣ ሚስታቸውን በሞት ያጡባትን ቤት ትተው መሄድ ደግሞ አልሆነላቸውም። ስለዚህ እንደ ቺሊዎቹ የቺሎዌ ደሴቶች ወግ ደቦ ጠሩ። ጎረቤት ተሰብስቦ ቤቲቱን ከመሠረቷ ነቀላት፤ በሁለት ወፋፍራም ግንዶች ላይ አስቀመጣት፤ በጥማድ በሬዎች እየጎተተ እስከ ውኃው ጠርዝ አደረሳት። አሁን የሚጠበቀው ባሕሩ ሞልቶ እስኪያነሳት ነው። በደቦ የተጠራ ሰው አይቀርም። የተኳረፈ እንኳ ኩርፊያውን ቤቱ ትቶ ይመጣል።

የሽማግሌው ልጅ ኔሊዳ፣ አቤሊኖ እንደሚመጣ ያወቀችው ለዚህ ነው።

አቤሊኖ እስከ ጭኑ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆሞ ባዶ በርሜሎችን ከቤቲቱ ወለል ጋር ያስራል። ጭጋጉ ገና አልተነሳም። አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይሰወራል። በታየ ቁጥር ኔሊዳ ዓይኗን ወደ በሬዎቹ ትመልሳለች፤ በተሰወረ ቁጥር ደግሞ ትፈልገዋለች።

«አቤሊኖ!» ስትል ጮኸች ጎረቤታቸው ሮሳልባ፣ የድንች ቂጣ የሞላ ሳህን ተሸክማ። «ገመዱን ነው ወይስ አንጀትህን ነው እንዲያ ያጠበቅኸው?»

ሰዉ ሳቀ። አቤሊኖ ግን አልሳቀም። ቀና ብሎ አየ፤ ያየው ሮሳልባን አልነበረም። ከኔሊዳ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ጀልባ ሠሪው አቤሊኖ ሁዌንቹር እንደዚያ ቀን በቀዘቀዘ ዓይን አይቷት አያውቅም ነበር።

ሰኞ መርከብ ይሳፈራል። አጎቱ ሞቶ በሩቅ ደቡብ በፑንታ አሬናስ ከተማ ያለው የጀልባ መሥሪያ ለእሱ ደርሶታል። ያላለቁ ጀልባዎች እዚያ ይጠብቁታል፤ ለመሄድም ሲል እዚህ ያለውን ሁሉ ዘግቷል። ከዚህ እስከዚያ የባሕሩ መንገድ ቀናት ይፈጃል። «አብረን እንሂድ» ያላት በገና ሰሞን ነበር፤ እሷም እየሳቀች «እሺ» ብላ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ግን ወደ ሥራ ቦታው ሄዳ፣ ዓይኑን ሳታይ፣ «አልሄድም» አለችው።

በዚያች ሳምንት መካከል የሆነውን አቤሊኖ አያውቅም።

* * *

በዚያች ሳምንት መካከል ኔሊዳ የመሰናበቻ ማመልከቻዋን ይዛ ዶኛ ሆርቴንሲያ ቢሮ ገብታ ነበር።

ዶኛ ሆርቴንሲያ ባሕር ውስጥ በተዘረጉ ገመዶች ላይ የሚበላ ዛጎል ያረባሉ። ስልሳ አልፏቸዋል፤ ሆኖም እስከ ጉልበት የሚደርስ የላስቲክ ቦቲያቸውን የሚያወልቁት ለቤተ ክርስቲያንና ለመኝታ ብቻ ነው። ኔሊዳን ቫልዲቪያ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ልከው ስለ ባሕር ሳይንስ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ ከመጀመሪያው ቀን እስከ ምረቃው። የእሷ ሥራ ውኃውን መመርመር ነው። አንዳንድ በጋ ባሕሩ ይቀላል፤ ያኔ ዛጎሉ መርዝ ይይዛል። በዓይን አይለይም፣ ቢቀቀልም አይጠፋም። መብላት የሚቻልበትንና የማይቻልበትን ቀን ለደሴቱ የምትነግረው ኔሊዳ ናት።

«ልሰናበት ነው የመጣሁት» አለች።

«ምነው፣ ፈቃድሽ ደረሰ እንዴ?»

«ለፈቃድ አይደለም ዶኛ። ሥራ ልለቅ ነው።»

ሴትዮዋ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ከዚያ ሳይቆጡ፣ ይልቁንም ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ጀመሩ።

«ከዋና ከተማው ሦስት ባለሙያ አስመጥቼ ነበር። አንዱ ዝናቡን ጠላ። አንዷ ብቸኝነቱን ጠላች። ሦስተኛውማ ሻንጣውን ሳይፈታ ነው የተመለሰው። ያኔ ነው ‹የራሳችንን ልጅ አስተምራለሁ፣ የኛ ልጅ ዝናብ አትፈራም› ያልኩት። ወንድሜ በምን እንደሞተ ታውቂያለሽ አይደል?»

ታውቃለች። ደሴቱ ሁሉ ያውቃል። ምሳ ላይ ከንፈሩ ደነዘዘ፤ ወደ ሐኪም ቤት ሲያሻግሩት ጀልባው ላይ ትንፋሹ ቆመ።

«አምና ከቤት ቤት እየሮጥሽ ‹ዛሬ ማንም እንዳይበላ› ባትይ ኖሮ ማንን ስንቀብር እንከርም ነበር? አሁን አንቺ ብትሄጂ ማን ይሮጣል?»

ኔሊዳ እጇ ላይ ያለውን ማመልከቻ አየች።

«ስድስት ዓመት ልትሠሪ ቃል ገብተሻል። ሁለት ሠራሽ፣ አራት ቀረሽ» አሉ ዶኛ ሆርቴንሲያ መነጽራቸውን እየመለሱ። «ከሄድሽ የቀረውን ዓመት የትምህርት ወጪ ትከፍያለሽ። ካልቻልሽ ዋስሽ አባትሽ ናቸው። እኔ አልፈልገውም፤ የተፈረመው ግን እሱ ነው።»

ያን የፈረሙበት ቀን ኔሊዳ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር። አባቷ የእሑድ ባርኔጣቸውን አድርገው በኩራት ነበር የፈረሙት። ኔሊዳ ማመልከቻዋን አጣጥፋ ኪሷ ውስጥ መልሳ ወጣች።

ለአቤሊኖ ልትነግረው አስባ ነበር። መንገዱን ሙሉ ቃላቱን ስታሰናዳ ሄደች። ደጃፉ ላይ ስትደርስ ግን የእንጨት ብናኝ ፀጉሩ ላይ ሰፍሮ፣ እያፏጨ የሳንቃ ጠርዝ ሲያለሰልስ አየችው። ከነገረችው የሚሆነው ታያት። መሣሪያውን ይሸጣል፣ የአጎቱን ቦታ ይሸጣል፣ ለእሷ ሲል ባዶ እጁን ይቀራል። አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ያደርገዋል።

«አልሄድም አቤሊኖ።»

«ምነው? ምን ተፈጠረ?»

«እንዲሁ ነው። ሐሳቤን ለወጥኩ።»

እሱ መጀመሪያ እሷን አየ። ቀጥሎ ሙጫና ጠባሳ የሞላባቸውን የራሱን እጆች አየ። ፉጨቱ ከከንፈሩ ላይ እንደጠፋ የፊቱም ፈገግታ ጠፋ።

«ገባኝ» አለ።

«ምኑ ነው የገባህ?»

«ቀድሞውኑ ሊገባኝ ይገባ ነበር። አንቺ ዩኒቨርሲቲ በጥሰሽ የመጣሽ ሰው ነሽ።»

እንደዚያ አይደለም ልትለው አፏን ከፈተች። ብትለው ግን ሁሉንም መናገር ሊኖርባት ነው። ዝም አለች። ዝምታዋን እንደ መልስ ቆጠረው። ከዚያ ቀን ወዲህ እሷም ለብቻዋ፣ እሱም ለብቻው ነበሩ።

* * *

ባሕሩ ሞላ። ቤቲቱ መጀመሪያ ቃተተች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ከአሸዋው ተነሳች። ሰዉ ሁሉ እልል አለ።

«ባዶዋን እንድትሻገር አልፈልግም» አሉ ዶን ኤላዲዮ የኔሊዳን ክንድ ይዘው። «እኔ በጀልባ ከፊት እሄዳለሁ፤ ጉልበቴ ደረጃውን እምቢ አለኝ። አንቺ ግቢና ተቀመጪባት ልጄ። እናትሽም ደስ ይላታል።»

ገባች። በሚጎትቷት ጀልባዎችና በቤቲቱ መካከል ያሉት ገመዶች ተወጠሩ። ኔሊዳ ወጥ ቤት ውስጥ በቀዘቀዘው ምድጃ አጠገብ ተቀመጠች፤ እንደ ወትሮው ግድግዳውን ተደገፈች። በመስኮቱ ግን እንደ ወትሮው የድንች ማሳው አይታይም። ውኃ ነው የሚያልፈው። ቤቲቱ እየተወዛወዘች ትሄዳለች። የእናቷ መጋረጃ ነፋስ ሳይኖር ወዲያና ወዲህ ይላል። ከወለሉ ሥር ባሕሩ ያንሾካሹካል። ከጭጋጉ ባሻገር የሰዎች ድምፅ ይሰማል፤ ሰዎቹ አይታዩም። ኔሊዳ በሕፃንነቷ ትኩሳት ሲይዛት አልጋዋ እንዲህ ሲንሳፈፍ ይታያት ነበር። ዓይኗን ጨፈነች። ይህ መንገድ ባያልቅ ብላ ተመኘች። ወዲህ ማዶ ቃሏ አለ፣ ወዲያ ማዶ ሰኞ አለ። እዚህ መሐል ላይ ግን ማንም ምንም አይጠይቃትም።

ድንገት ከማእዘኑ በኩል አንድ ነገር ተበጥሶ ጮኸ። ወለሉ ወደ አንድ ጎን አዘነበለ። በርሜል ተፈትቷል።

«ገመድ ወዲህ በሉ!» የአቤሊኖ ድምፅ ነበር። ውኃ ሲንቦጨረቅ ተሰማ። በሩ ተበረገደ። ከራስ ፀጉሩ እስከ እግሩ ርሶ ገባ። አላያትም፤ ወይም እንዳላያት ሆነ። በጉልበቱ ተንበርክኮ ገመዱን በሳንቃዎቹ መካከል አሾልኮ በምሰሶው ላይ ጠመጠመ። አንድ ሰው ብቻውን የሚስበው አልነበረም። ኔሊዳ ሳትጠየቅ ከኋላው ቆማ ያዘችው። አብረው ሳቡ። ቤቲቱ አንድ ጊዜ ተርገፍግፋ ተስተካከለች።

ገመዱን ቋጥሮ ሲጨርስ በመስኮት ወደ ውጭ አየ። ጀልባው ርቆ ከፊት ይስባል፤ መመለሻ የለውም። ማዶ እስኪደርሱ እዚሁ መቀመጥ ግድ ሆነበት።

«ሳንቃዎቹ ደህና ናቸው» አለ ለግድግዳው።

«አቤሊኖ።»

«አልበሰበሱም። አያትሽ ጥሩ እንጨት ነው የመረጡት።»

«አቤሊኖ፣ ዞረህ እየኝ።»

ዞረ። ከአገጩ ውኃ ይንጠባጠባል። ኔሊዳ ስለ ሰኞ አሰበች፤ ከዚያ ወዲያ ያሉትን ቀናት ሁሉ አሰበች። ያንን ሁሉ ጊዜ ያመቀችው ወጣ። ቢሮውን፣ ሦስቱን ባለሙያዎች፣ የሆርቴንሲያን ወንድም፣ የአባቷን ፊርማ፣ ሁሉንም ነገረችው። ስትጨርስ እሱ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር።

«ይሄን ሁሉ ብቻሽን ተሸክመሽ?» አለ።

«ብነግርህ ያለህን ሁሉ ትሸጥ ነበር።»

«እሸጥ ነበር።»

«ለዚያ ነው'ኮ።»

«እኔ ደግሞ...» እጆቹን ዘረጋ። «እጄን አይተሽ የናቅሽኝ መስሎኝ ነበር ኔሊዳ። ሳጥበው ነበር የከረምኩት፣ ታምኛለሽ? በሳሙና ሳይሆን በአሸዋ!»

ልትስቅ አለች፣ ግን ለቅሶ ቀደማት። አጠገቡ ተቀምጣ ያን እጅ አንስታ ጉንጯ ላይ አደረገችው። ቀዝቃዛ ነበር፣ ሻካራ ነበር፣ የጥድ ሙጫ ይሸታል። እንዲያ ሆነው ባሕሩ ከሥራቸው ሲያልፍ ብዙ ቆዩ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዳትዋሺኝ» አለ በመጨረሻ። «ያ ውል ባይኖር ትመጪ ነበር?»

ወዲያው «አዎ» ልትል ነበር። ቃሉ ግን ምላሷ ላይ ቆመ። ውሉን ያን ሁሉ ጊዜ እንደ ግድግዳ ተደግፋው እንደኖረች ያኔ ገባት። ግድግዳው ባይኖር ራሷ መቆም ይኖርባታል።

«እፈራለሁ» አለች።

«እኔን?»

«አንተንማ ለምን? እዚያ ሆኜ አንድ ቀን ባሕሩ ቀላ ብለው ቢነግሩኝስ? አንድ ልጅ ቢሞትስ? ዶኛ ሆርቴንሲያ እንዳሉት የሚሮጥ ሰው ባይኖርስ?»

አቤሊኖ አልቸኮለም። «እኔ ነይ አልልሽም» አለ። «ቅሪም አልልሽም። በኋላ ‹ጥፋቱ የአንተ ነው› እንድትይኝ አልፈልግም። ብትቀሪም እንደምትወጂኝ አውቄ እሄዳለሁ። ትናንት ይሄም አልነበረኝም።»

በመስኮቱ በኩል ጭጋጉ ተቀደደ። ማዶ ያለው ኮረብታ ቁልጭ ብሎ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። ኔሊዳ ኮረብታውን አየች፣ ቀጥሎ እሱን አየች፤ በእሷ ምትክ የሚሮጥ ሰው ራሷ አስተምራ መሄድ እንደምትችል ታያት።

«እመጣለሁ» አለች። «ሰኞ ግን አይሆንም። ተደብቄም አይሆንም።»

* * *

ማዶ በሬዎች ቤቲቱን ወደ አዲሱ ቦታዋ ጎተቷት። ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ በጋለ ድንጋይ ላይ ሥጋው፣ ዛጎሉና ድንቹ በሰፋፊ ቅጠል ተሸፍኖ ሲበስል ውሎ ስለነበር፣ ሲከፈት እንፋሎቱ ሰዉን ሁሉ ዋጠው። የፖም ጠላ ዞረ። ሮሳልባ አኮርዲዮን ተጫዋቹን አስነስታ መጨፈር ጀመረች።

ኔሊዳ መጀመሪያ አባቷን ወደ ጎን ወሰደች። አጠገባቸው ሣሩ ላይ ተቀምጣ ነገረቻቸው። ዶን ኤላዲዮ እስክትጨርስ አኘኩ፣ ዋጡ፣ አፋቸውን ጠረጉ።

«በእኔ ምክንያት ነው ስታለቅሺ የከረምሽው?»

«እርስዎ ዋስ ነዎት አባዬ። ቤቱን ቢነኩብዎትስ?»

«ስሚኝ» አሉ ክንዷን ይዘው። «ያን ቀን ፈረምኩ እንጂ አልሸጥኩሽም። ሂጂና ለሴትዮዋ ፊት ለፊት ንገሪያት። እንደ ሌባ በጓሮ እንዳትወጪ፣ ሌላ ምንም አልልሽም።»

ዶኛ ሆርቴንሲያ ከሰዉ ተለይተው አንድ ግንድ ላይ ተቀምጠው ነበር። ቦቲያቸው ጭቃ ነክቶታል፤ እሳቸውም ከማለዳ ጀምሮ ገመድ ሲስቡ ነው የዋሉት። ኔሊዳ ፊታቸው ቆመች።

«ዶኛ ሆርቴንሲያ፣ እሄዳለሁ።»

«በደስታ ቀን ነው የምትነግሪኝ?»

«ሁሉ ሰው ባለበት ቀን ልንገርዎት ብዬ ነው። ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ስድስት ዓመት ብያለሁ፣ ስድስት ዓመት አልሞላሁም። ቃሌን እያፈረስኩ ነው፤ ሌላ ስም አልሰጠውም። ግን ዘንድሮ ባሕሩ የሚቀላበት ወራት ሳያልፍ ንቅንቅ አልልም። ረዳቴን ፍሬሲያን አስተምራታለሁ፤ ሁለት ዓመት ከእኔ ጋር ሠርታለች፣ የቀራት ጥቂት ነው። የቀረብኝንም ከምሠራበት ሆኜ በየወሩ እልካለሁ። አባቴን ግን አይንኩብኝ።»

«አባትሽን ማን ነካቸው? ከልጅነቴ ጀምሮ ጓደኛዬ ናቸው» አሉ ሴትዮዋ በቁጣ። ቁጣው ግን ጉልበት አልነበረውም። ወደ ባሕሩ፣ ገመዶቻቸው ወደተዘረጉበት ወገን አዩ። «አንቺን ሳስተምር ስለ ዛጎል ብቻ አስቤ መሰለሽ? ልጅ የለኝም። ሳረጅ ይሄን ውኃ የምታውቅልኝ አንቺ ነሽ ብዬ ነበር።»

ኔሊዳ ይህን አታውቅም ነበር። ቁጣውን ስትጠብቅ ኖራ ሐዘኑ ሲመጣባት የምትሆነው ጠፋት። ተንበርክካ የሴትዮዋን ጉልበት ያዘች።

«ይቅር ይበሉኝ።»

«አልልሽም» አሉ ዶኛ ሆርቴንሲያ። እንባቸው ሲወርድ አልጠረጉትም። «ዛሬ ይቅር አልልሽም። ልያዝሽም ግን አልችልም። ወንድሜ በሕይወት ቢኖር ‹ልቀቂያት› ነበር የሚለኝ። ይሄ ነው ያናደደኝ። በይ ተነሽ፣ ሰው እያየን ነው።»

ተነሳች። ከእንፋሎቱ ባሻገር አቤሊኖ ቆሞ ነበር፤ ምን እንደተባለ አልሰማም፣ ፊቷን ብቻ ነው ያየው። ወደ እሱ አልሮጠችም። ከሴትዮዋ አጠገብ ግንዱ ላይ ተቀመጠች። ሁለቱም ትከሻቸው እየተነካካ፣ ጨዋታው እስኪበርድ አብረው ቆዩ።

* * *

ሰኞ አቤሊኖ ብቻውን ሄደ። ኔሊዳ ወደቡ ላይ ቆማ እጇን አውለበለበች፤ አላለቀሰችም። ሮሳልባ ግን በሁለቱም ፋንታ አለቀሰች።

በሚያዝያ ባሕሩ ቀላ። መርዙን መጀመሪያ ያገኘችው ፍሬሲያ ናት። ከቤት ቤት እየሮጠች የጮኸችውም እሷ ናት። ኔሊዳ ከቤተ ሙከራው መስኮት ሆና ልጅቱ ስትሮጥ አየቻት፤ ደስም አላት፣ ቀናችም። ያን ሰሞን በደሴቱ ላይ ማንም አልታመመም።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ተሳፈረች። ዶኛ ሆርቴንሲያ ሊሸኟት አልመጡም። መርከቡ በዛጎል እርባታው አጠገብ ሲያልፍ ግን፣ ከገመዶቹ መካከል ባለው መቆሚያ ላይ፣ ቦቲ ያደረገች አንዲት ሴት ብቻዋን ቆማ ታየቻት። ኔሊዳ እጇን አነሳች። ሴትዮዋ አላነሱም። ነገር ግን መርከቡ እስኪታጠፍ፣ ዝናብ እየወረደባቸው፣ ከቆሙበት አልተነቃነቁም። ኔሊዳ ያኔ ነው ያለቀሰችው፤ ያለቀሰችውም እስኪወጣላት ነው።

በፑንታ አሬናስ ወደብ ነፋሱ ሰው ይጥላል። አቤሊኖ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ይጠብቃት ነበር። ሲያያት ለቀቀው፤ ነፋሱ ይዞት ሄደ፤ እሱም አልተከተለውም። እቅፍ አድርጎ ብዙ ቆይቶ፣ ያበጡ ዓይኖቿን አየ።

«አዝነሻል» አለ።

«አዎ።»

«ብትመለሺ...»

«አልመለስም» አለች። «አዝኜ ልቀመጥ፣ ተወኝ። ደስ ብሎኝም ነው።»

እሱም ሻንጣዋን አንስቶ፣ ከነፋሱ እንዲከልላት በጎኗ ሆኖ መራመድ ጀመረ። ኔሊዳ ክንዱን ያዘች። የማታውቀው ባሕር በግራዋ ይጮሃል፤ አንድ ቀን እንደምታውቀው ተሰማት፣ ገና ከአሁኑም ወደደችው።